«ያጋራሁት እንጂ የጻፍኩት አይደለም»፦ ተረትና እውነታ

በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚሠራጨው ነገር በሕዝባችን ዘንድ ሥር ከሰደዱት እምነቶች መካከል የከፋ ጥፋት ሲያስከትል ያየሁት፣ «እኔ ያጋራሁት እንጂ የጻፍኩት አይደለምና ተጠያቂው ጸሓፊው ነው» የሚለው ነው።

እምነቱ ፈጽሞ መነሻ የለውም ለማለት አይቻልም፤ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 «ላይክ» ወይም «ታግ» ማድረግን እንደ ማሠራጨት አይቆጥርምና። ዳሩ ግን ሌላው የጻፈውን ተቀብሎ ለብዙ ሰው የሚያደርስ፣ ቃሉን ባይፈጥረውም፣ ሥርጭቱን የፈጸመው እርሱ ነው። ሁከት ወይም ግጭት ሊያስነሣ የሚችል ሐሰተኛ መረጃን በተመለከተም አዋጁ የሚይዘው ሐሰትነቱን እያወቀ ያሠራጨውን ብቻ ሳይሆን ማወቅ ይገባው የነበረውንም ሰው ነው፤ ገጹ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል።

በ2014 ዓ.ም. መባቻ አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከክስ ቃል ጋር በፌስቡክ ተለጠፈ፤ የሚኖሩበት ሰፈርም ተገለጠ። ልጃቸው ጽሑፉ እንዲነሣ ለኩባንያው ቢያመለክትም፣ ፕሮፌሰሩ በጥቅምት 24 ቀን በቤታቸው አጠገብ በጥይት ተገደሉ፤ ጉዳዩም በኩባንያው ላይ በናይሮቢ ፍርድ ቤት ክስ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለማጋራት አንድ ጣት ያነሣ ሁሉ፣ ጸሓፊው ሌላ ነው ብሎ ኅሊናውን ሊያሳርፍ እንዴት ይቻለዋል?

«እንደደረሰኝ» ወይም «ተብሏል» የሚል ቃል ለጥፈው ያልተጣራ ወሬ የሚያስተላልፉትን፣ ይልቁንም እልፍ ተከታይ እያላቸው ይህን ብልሃት ለሌላው የሚያስተምሩትን ለመታገሥ ይቸግረኛል። አዋጁ ከለላ የሚሰጠው እውነቱን ለማጣራት ተገቢ ጥረት ላደረገ ሰው ነው፤ «እንደደረሰኝ» ማለት ግን አለማጣራትን በገዛ አንደበት መመስከር ነው። አዋጁ ሰፊ ትርጉም ስላለው ትችትን እንዳያፍን የሚሰጉ አሉ፤ ስጋታቸውን አልንቅም። ሕግ ብቻውን አንደበትን ይገራል ለማለትም አልደፍርም፤ የባልንጀራን ደም ከመፍራት የሚመጣው ጥንቃቄ ግን አንቀጽ አይጠብቅም።

የቀሩት ተረቶች ብዙ ሐተታ አይሹም።

«ያነሣሁት ፎቶ የእኔ ነው።» የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። ለባለሥልጣን፣ ለታዋቂ ሰውና ለሕዝባዊ በዓል ልዩ ድንጋጌ አለው፤ በሆስፒታል አልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ ግን ከእነዚህ አይቆጠርም።

«በሐሰተኛ ስም ከጻፍኩ አልታወቅም።» ገጹ የተከፈተበት ስልክ ቁጥርና መሣሪያው የሚተዉት ዱካ በስም ለውጥ አይጠፋም።

«ካጠፋሁት አለቀ።» ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ «ስክሪንሾት» ያነሣው ሰው ዘንድ ይኖራል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የሰው ስም፣ ብሔር ወይም መኖሪያ ያለበት ክስ ሲደርስህ፣ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈውና በምን ማስረጃ እንደጻፈው ሳታውቅ አታስተላልፍ፤ የማታውቅ ከሆነ እጅህ ላይ ይቅር።