ስለ ደም ነቀርሳና ስለ መድኃኒቱ አሠራር

ወባ በሚገኝበት አገር የሰው ሆድ በግራ ጎኑ ሲያብጥ «የወባ ጣፊያ ነው» ማለት የተለመደ ነው። በእርግጥም ወባ ጣፊያን ያሳብጣል። ነገር ግን ድካሙ፣ የሌሊት ላቡና ክሳቱ ለሳምንታት ያልለቀቀ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ ሥር የሰደደ የደም ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና ደምን ማስመርመር ይገባል።

ደማችን የሚፈጠረው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ፒተር ኖውልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ በፊላዴልፍያ ከተማ፣ በዚህ በሽታ በተያዙ ሰዎች የደም ሕዋሳት ውስጥ አንዱ ክሮሞሶም አጥሮ አገኙት። በ1973 እ.ኤ.አ. ጃኔት ራውሊ የምትባል ሐኪም ምክንያቱን ገለጠች፤ ይኸውም 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ተለዋውጠዋል። ከዚህ ልውውጥ የሚገኘው ፕሮቲን ነጭ የደም ሕዋሳትን ያለ ዕረፍት «ተባዙ» እያለ ያዛል።

ነገሩን በመስኖ እንመስለው። የቦዩ መዝጊያ ተሰብሮ ክፍት ከቀረ ውኃው ማሳውን ያጥለቀልቃል። የቀድሞዎቹ ክኒኖች ሥራ ውኃውን በባልዲ እንደ መቅዳት ነበር፤ ለጊዜው ቢጎድልም ተመልሶ ይሞላል። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ ግን መዝጊያውን ራሱን ይዘጋል፤ ፕሮቲኑ ኃይል በሚቀበልበት ጎድጓዳ ስፍራ ገብቶ ይይዘዋልና። ጤነኞቹ ሕዋሳት ይህ ፕሮቲን ስለሌላቸው የሚደርስባቸው ጉዳት ያነሰ ነው። በአንድ ታላቅ ጥናት መድኃኒቱን ከጀመሩት ከ100ው ሰው 83 ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሚረዳው ይህ ፕሮቲን ላለበት የደም ነቀርሳ እንጂ ለሁሉም ዓይነት አይደለም።

በአገራችን ይህ ሕክምና በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሰጥ ቆይቷል፤ ማክስ ፋውንዴሽን በተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩልም ክኒኑን በነፃ ያገኙ ሕሙማን አሉ። ስለዚህ የበደሳ ሰው ከጤና ጣቢያ ወደ ጭሮ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ተስፋ ቆርጦ እንዳይቀር እናሳስባለን።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ክኒኑ በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ሕመምተኛው ጣፊያው ጎድሎ ጉልበቱ ሲመለስ «ድኛለሁ» ብሎ ቢተወው፣ ወይም የቡና ለቀማ ደረሰ ብሎ የቀጠሮውን ጉዞ ቢያስቀር፣ መዝጊያው ዳግመኛ ይከፈታል፤ በሽታውም መድኃኒቱን የሚቋቋም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሳያዝ ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም።

መምህራን ሆይ፤ ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ መሆኑን ለተማሪዎቻችሁና ለወላጆቻቸው አስረዱልን። ሕመምተኛ ጎረቤት ያለው ሰውም ከእርሱ አይራቅ፤ ይልቁንም «የዛሬውን ክኒን ውጠሃልን?» ብሎ ይጠይቀው።