ለሱቁ ጥበቃ የተገዛው ሽጉጥ



ሆሳዕና ውስጥ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት እናት ጠጋ ብለው ደቡብ አፍሪካ ስላለው ልጃቸው እንድጸልይ ጠየቁኝ። «ሱቁን ሁለት ጊዜ ዘረፉት። አሁን ግን ተመስገን ነው፣ መሣሪያ ገዝቷል» አሉኝ። ፊታቸው ላይ እፎይታ ነበረ። እኔ ግን ለልጁ የበለጠ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። «ፈቃድ አለው?» ብዬ ብጠይቃቸው «የምን ፈቃድ?» አሉ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ መልስ ነው።

ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾና በዙሪያቸው ካሉ ቀበሌዎች ልጆቻችን ወደ ደቡብ አፍሪካ መጉረፍ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ብዙዎቹ የሚነግዱት እነርሱ «ሎኬሽን» በሚሏቸው ሰፈሮች ውስጥ ባሉ ትናንሽ ሱቆች ነው። አንዳንዱ እዚያው ሱቁ ውስጥ ያድራል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በ2015 እና በ2019ም ጥቃቱ ተደግሟል። ስለዚህ የልጆቻችን ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ጥያቄው ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ከዚህ ያድናቸዋል ወይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ደቡብ አፍሪካ የጦር መሣሪያን የምትቆጣጠረው እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የቁጥር 60 ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መሣሪያ ለመያዝ የሚያመለክት ሰው በመደበኛው 21 ዓመት የሞላው፣ የአገሪቱ ዜጋ ወይም የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ሥልጠና ወስዶ ከፖሊስ የብቃት ማረጋገጫ ያገኛል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ፈቃድ ያወጣል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ብዙዎቹ ልጆቻችን የያዙት የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው። በዚያ ወረቀት የመሣሪያ ፈቃድ አይገኝም። ልጁ «ገና አላወጣሁም» ቢላችሁ ነገሩ የመዘግየት አይደለም፤ በሩ ዝግ ነው። ፈቃድ ካለው ጓደኛ ተውሶ ሱቅ ውስጥ ማስቀመጥም አይቻልም። ባለፈቃዱ ሌላ ሰው በመሣሪያው እንዲጠቀም መፍቀድ የሚችለው እርሱ ራሱ በቅርብ እየተቆጣጠረ ብቻ ነው።

ቅጣቱስ? ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ያለ ፈቃድ ጥይት ብቻ መያዝም እንዲሁ። መሣሪያው በከፊል አውቶማቲክ ከሆነ፣ አብዛኛው የዛሬ ሽጉጥም ከዚህ ይመደባል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጠፋ ጥፋት እንኳ መነሻው 15 ዓመት ነው። ፍርድ ቤቱ ከዚያ ዝቅ የሚያደርገው በቂና አስገዳጅ ምክንያት ሲያገኝ ነው። ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ ደግሞ እስከ 25 ዓመት ሊያስፈርድ ይችላል። በድብቅ የሚሸጥ መሣሪያ ቁጥሩ ቢፋቅ ምን ይገርማል?

ልጁ ያላሰበው ዕዳ

አንደኛ፣ የተዘረፈ ሰው ፖሊስ ጋ ሄዶ ይከሳል። ሕገወጥ ሽጉጥ ያለው ግን ሱቁ እንዳይፈተሽበት ስለሚፈራ ቢዘረፍም ዝም ይላል። ተበዳዩ ራሱ ተደባቂ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የሽጉጡን ታሪክ አያውቅም። ከእርሱ በፊት ሰው ተገድሎበት እንደሆነ ምርመራ ያወጣዋል፣ ጥያቄውም በመጨረሻ በእጁ ለተገኘው ሰው ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ሌባ ገብቶበት ቢተኩስና ራሱን የተከላከለ መሆኑ ቢታመንለት እንኳ፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ የመያዙ ክስ ለብቻው ይቀራል።

አራተኛ፣ አብረውት የሚያድሩት ወንድሞችም አብረው ሊያዙ ይችላሉ። የውጭ አገር ሰው ደግሞ እስራቱን ጨርሶ ከአገር ሊባረር ይችላል። ለመንገድ የተበደርነው ገንዘብ ሳይከፈል፣ ሚስት ባል፣ ልጆችም አባት እየጠበቁ ዓመታት ያልፋሉ።

በአገራችንም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፣ በወንጀልም ያስጠይቃል። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው የገደለ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ስለዚህ «የአባቴ ነው» ብላችሁ ቤት ውስጥ የሸሸጋችሁ ካላችሁ ይህ ለእናንተም ነው።

«ነህምያስ?» ለሚሉ

አንዳንድ ወንድሞች የነህምያ ሰዎች በአንድ እጃቸው እየሠሩ በሌላው መሣሪያ ይይዙ እንደነበር ይጠቅሳሉ (ነህምያ 4)። እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ምዕራፍ 2ን እናንብብ። ነህምያ ኢየሩሳሌም የገባው የንጉሥ ደብዳቤ ይዞ፣ የንጉሥ ጭፍሮች አጅበውት ነው። በምዕራፍ 5 ደግሞ በአገሩ ላይ የተሾመ ገዥ እንደነበረ ተጽፏል። የታጠቀው በሥልጣንና በፈቃድ ነበር። ነህምያን የምንጠቅስ ከሆነ ደብዳቤውንም አብረን እንጥቀስ።

ምን እናድርግ?

በዚህ ሳምንት ስትደውሉ «ደህና ነህ?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉ። መሣሪያ እንዳለው ጠይቁት። ከሌለው እንዳይገዛ ለምኑት። በሕግ ከተመዘገበ የጥበቃ ድርጅት ዘበኛ መቅጠር፣ ብዙ ገንዘብ ሱቅ ውስጥ አለማሳደር፣ በጊዜ መዝጋት፣ ብቻ አለማደር ይቻላል። ዘበኛውም የሚይዘው መሣሪያ ፈቃድ ያለው ይሁን።

ካለው ደግሞ ለሌላ እንዳይሸጥ፣ ለጓደኛም እንዳይሰጥ ንገሩት፤ ያ ሌላ ወንጀል ነው። ሕጋዊ በሆነ መንገድ እንዴት እንደሚያስረክብ አስቀድሞ ጠበቃ ያማክር። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2019 እስከ ግንቦት 2020፣ ደግሞም ከነሐሴ 2020 እስከ ጥር 2021 ሕገወጥ መሣሪያ የሚያስረክቡ ሰዎች በመያዛቸው እንዳይከሰሱ የምሕረት ጊዜ አውጆ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲታወጅ እንዳያመልጠው። ተይዞ ከሆነም ዝም የማለት፣ ጠበቃ የማግኘትና በችሎት አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። ጠበቃ መግዛት ለማይችል በመንግሥት ወጪ የሚሠራ የሕግ ድጋፍ ተቋም አለ።

እኛ አገልጋዮችም ለመንገደኛ ስንጸልይና ስንሸኝ ይህን ሳንነግር አንሸኝ። ልጁ ከላከው ገንዘብ አሥራት ስንቀበል ደስ ካለን፣ ስለሚያድርበት አደጋም ልንጠይቀው ይገባናል።

እኚያ እናት በዚያው ቀን ማታ ደወሉለት። ብዙ ተከራከራቸው። በመጨረሻ ያሉትን ነገሩኝ፤ «ሱቁ ይዘረፍ ልጄ፣ አንተ ግን ተመለስልኝ።»

ጌታ ልጆቻችንን ይጠብቅ።