ሽቅብ የሚሄድ ውኃ

በደቡብ አፍሪካ፣ ፍሪ ስቴትና ክዋዙሉ ናታል በሚዋሰኑበት ገደል ላይ ኢንጉላ የተባለ የኃይል ማመንጫ አለ። ሁለት ግድቦች አሉት፤ ቤድፎርድ ከአምባው አናት፣ ብራምሁክ ከግርጌው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 4.6 ኪሎ ሜትር ሲሆን የከፍታቸው ልዩነት ከ400 ሜትር ይበልጣል። ማሽኖቹ ያሉበት አዳራሽ ለአላፊ አግዳሚ አይታይም፤ ከተራራው ሆድ ውስጥ፣ ከዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ኤሌክትሪክ በሚፈለግበት ሰዓት ውኃው ከላይኛው ግድብ በዋሻ ወርዶ 4 ተርባይኖችን ያሽከረክራል። ኤሌክትሪክ ሲተርፍ ያው ውኃ በዚያው ዋሻ ተመልሶ ሽቅብ ይገፋል። ገፊውም ሌላ ማሽን አይደለም፤ ተርባይኑ ራሱ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞር ፓምፕ ይሆናል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 1,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ ሙሉ ውኃ ከ400 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ይህ የኤሌክትሪክ ምጣድን ለሩብ ሰዓት ገደማ ቢያሠራ ነው። ለአንድ ከተማ የሚበቃ ኃይል ለማከማቸት እንግዲህ የሮቶው ቁጥር በሚሊዮኖች መቆጠር አለበት። ኢንጉላ በሙሉ አቅሙ 1,332 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ የላይኛው ግድብ ሞልቶ ከሆነ ወደ 16 ሰዓት ገደማ ሳያቋርጥ ሊሠራ ይችላል።

እንዲህ ያለው ማመንጫ ከሚሰጠው የሚበላው ይበልጣል። ውኃውን ለመግፋት ከወጣው 100 እጅ ኤሌክትሪክ ተመልሶ የሚገኘው ከ70 እስከ 80 ብቻ ነው። ስለዚህ ማመንጫ ከማለት ጎተራ ማለት ይቀርበዋል። ጎተራ እህል አያበቅልም፤ ነቀዝም አያጣውም። ዋጋው የሚታወቀው ክረምት ሲገባ ነው። የኤሌክትሪክም ክረምት አለው፤ ያውም በየዕለቱ። በኃይል ቋቱ ውስጥ የሚገባውና የሚወጣው በየቅጽበቱ እኩል መሆን አለበት፤ ሰው ግን ኤሌክትሪክ የሚፈልገው አመሻሽ ላይ፣ ምድጃውም አምፖሉም በአንድ ጊዜ ሲበራ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ወደዚህ ቴክኖሎጂ የገባችው ለፀሐይ ብርሃን ብላ አልነበረም። የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎቿ እሳታቸው በየምሽቱ ጠፍቶ በየማለዳው ሊነሣ ስለማይችል ሌሊት ኃይል ይተርፋቸው ነበር። ያን ትርፍ ለማስቀመጥ የኬፕ ታውን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1979 ስቲንብራስን ገነባ፤ 180 ሜጋ ዋት፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው። በ1981 ድራከንስበርግ (1,000 ሜጋ ዋት)፣ በ1988 ፓልሚት (400 ሜጋ ዋት) ተከተሉ። ድራከንስበርግ ሁለት ሥራ ነው የተሰጠው፤ ከኃይሉ ሌላ የቱጌላን ወንዝ ውኃ ተራራ አሻግሮ ወደ ቫል ተፋሰስ ያደርሳል። የኢንጉላ ማሽኖች ሥራ የጀመሩት በ2016 ሲሆን 4ቱም የተሟሉት በ2017 ነው። ግንባታው ያለ ዋጋ አልተጠናቀቀም፤ በ2013 በዋሻው ውስጥ በደረሰ አደጋ 6 ሠራተኞች ሞተዋል።

አገሪቱ መብራት በፈረቃ በምታዳርስባቸው ዓመታት የጎተራው ድክመት ፈጦ ወጣ። የከሰል ማመንጫዎች በብልሽት ሲቆሙ የላይኛዎቹ ግድቦች በየምሽቱ ይሟጠጡ ነበር፤ መልሶ የሚሞላቸው ትርፍ ኃይል ግን አልነበረም። ግድቡን ለመሙላት ሲባል ሌሊት መብራት የጠፋበት ጊዜም ነበር። ነገሩን እየለወጠው ያለው ፀሐይ ነው። በየጣሪያው የተዘረጋው የፀሐይ ፓኔል ቀትር ላይ ትርፍ ስለሚያመጣ፣ በአብዛኛው የሌሊት የነበረው የመግፋት ሥራ ወደ ቀትር እየተስፋፋ ነው። ለከሰል የተሠራው ግድብ ለፀሐይ ሲያገለግል አንዲት ብሎን መለወጥ አላስፈለገም።

አብዛኛው ኃይሏ ከግድብ ለሚመነጨው ለኢትዮጵያ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። በአሸጎዳ ወይም በአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ነፋሱ ሲበረታ የአንድ ትልቅ ግድብ ተርባይኖችን ገታ ማድረግ ይቻላል፤ ያልወረደው ውኃ ለማታ ይቆያል። መግፋት የለ፣ የመግፋት ኪሳራም የለ። ሁለት ግድብ የሚያስፈልገው ወንዝ ላነሰው፣ ተራራ ግን ላለው አገር ነው። አንዴ የተጠራቀመው ውኃ ስለሚመላለስ፣ በትነትና በስርገት የጎደለውን መተካት ብቻ ይበቃል።

ቦታው ግን እንደልብ አይገኝም። ከፍታው፣ ጠንካራው ዓለትና ውኃው አንድ ላይ የሚገናኙበት ሥፍራ ብዙ ጊዜ ሌላ ባለቤት አለው። የቤድፎርድ ግድብ ያረፈው ከአንድ ሰፊ ረግረግ አጠገብ ነው፤ ረግረጉ ደግሞ በዓለም በጣም ብርቅ ከሆኑት ወፎች አንዷ፣ ባለ ነጭ ክንፏ ትንሽ የረግረግ ወፍ የታየችበት ነው። ይህች ወፍ በክረምት እንቁላል የምትጥልበት ዋነኛው የታወቀ ሥፍራ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአዲስ ዓለም አካባቢ የሚገኘው የበርጋ ረግረግ ነው። በኢንጉላ ግድቡ ከተሠራ በኋላ በዙሪያው ያለው ሣርና ረግረግ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተከልሏል፤ ከ2021 ጀምሮም ረግረጋማ ሥፍራዎችን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት መዝገብ ላይ ሰፍሯል።