ሳይከፍል የሄደው እንግዳ



ከደሴ ወደ ወልድያ ስትጓዙ ሐይቅ ከተማ ላይ ከመንገዱ ዳርና ዳር አነስተኛ አልጋ ቤቶች ታያላችሁ። የአንዱ ባለቤቶች አማኝ ባልና ሚስት ናቸው። ያላቸው ሰባት ክፍል ነው፤ አንሶላውን የምታጥበውም እኅታችን ራሷ ናት። አንድ ቀን በማለዳ ወደ ቤታችን መጣችና ገና ሳትቀመጥ፣ "እኔ የተጣላሁት ከእንግዳው ጋር አይደለም፤ ከባለቤቴ ጋር ነው" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው "ገንዘብ ከደሴ ይላክልኛል"፣ ሌላ ቀን ደግሞ "ቴሌብሩ ኔትወርክ የለውም" እያለ አራት ሌሊት አደረ። ቁርሱንም ራቱንም በላ። በአምስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ ሄደ። ባልየው "ተይው፣ እግዚአብሔር ይተካልናል" አላት። እርሷ ግን የመብራቱንና የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰላች ነበር። "አንተ ስትምር ከፋይዋ እኔ ነኝ!" አለችው። ሦስት ቀን ተኳርፈው ሰነበቱ።

በወሎ እንግዳን ሒሳብ መጠየቅ ቀላል አይደለም። "የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ" ብሎ በር ያንኳኳውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እግሩን አጥቦ፣ አብልቶ ያሳድር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ እንኳ ምግብ በገንዘብ መብላት እንደ ነውር ይታይ ስለ ነበር፣ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ገብተው፣ በልተውና ከፍለው እንዳስለመዱ ይነገራል። ያ እፍረት ዛሬም ከብዙዎቻችን ጋር አለ።

ስለ ደጉ ሳምራዊ ስንት ስብከት ሰምታችኋል? ስለ እንግዶች ማረፊያው ባለቤትስ? እስቲ ሉቃስ 10፥35ን እንደገና አንብቡት። ሳምራዊው ለባለ ማረፊያው ሁለት ዲናር ሰጠው፤ አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሥራ ደመወዝ ነበር (ማቴ. 20፥2)። በዚያም ላይ የጎደለውን ሲመለስ ሊከፍለው ቃል ገባለት። ምሕረቱን ያደረገው ከራሱ ኪስ ነው። ባለ ማረፊያውን "አንተም ስለ ነፍስህ ብለህ በነፃ አስታምመው" አላለውም።

እኛስ? ለኮንፈረንስ የመጡ ወገኖችን "እኅታችን ዘንድ ይደሩ" ብለን እንልካለን። እነርሱም ጠዋት "ጌታ ይባርክሽ" ብለው ይወጣሉ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ከላኪዎቹ አንዷ እኔ ነበርሁ። ለማንም ዕዳ እንዳይኖርብን የሚያዝዘውን ሮሜ 13፥8ን ግን በእሑድ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር።

ለችግረኛ በራችሁን ዝጉ ማለቴ አይደለም። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ሐይቅና ወደ ደሴ ጎረፈ። እነዚሁ ባልና ሚስት ያን ጊዜ ሦስቱን ክፍሎች ለእናቶችና ለሕፃናት ያለ ክፍያ ለቀቁ፤ የቀሩትን አራቱን እያከራዩ ጤፍና ዘይት ገዙ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተጣሉም። ለምን ይመስላችኋል? አስቀድመው ማታ በአልጋቸው ላይ ተነጋግረው፣ ጸልየው የወሰኑት ነበርና። የአራቱን ሌሊት ምሕረት ግን ባል ብቻውን ነው ያደረገው።

እኔና ባለቤቴ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጠን ስንነጋገር የተስማማንበት ይኸው ነው። በየወሩ መጀመሪያ ምን ያህል ሌሊት በነፃ መስጠት እንደሚችሉ አብረው ይወስናሉ። ከዚያ ውጭ ያለው በቅድሚያ ይከፈላል፤ ዋጋውም በግልጽ ይነገራል። ከሐይቅ ቀጥላ ያለችው የአምባሰሏ ውጫሌ ምን እንደምታስተምረን ታውቃላችሁ፤ በ1881 እዚያ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ጦርነት አመጣ። በእኛ አልጋ ቤትም እንግዳው "በነፃ ነው" ብሎ ይተኛል፣ ባለቤቲቱ "ይከፍላል" ብላ ታነጥፋለች።

የሚከፍለው አጥቶ የተገኘውን እንግዳ በግቢው ሰው ሁሉ ፊት አትጩሁበት። ለብቻው አነጋግሩት (ማቴ. 18፥15)። ሻንጣውን አትበርብሩ። ዘዳግም 24፥10-13 አበዳሪው መያዣ ሊወስድ ወደ ባለ ዕዳው ቤት እንዳይገባ፣ የድሃውንም መጎናጸፊያ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስለት ያዝዛል። ቆይቶ መክፈል ከቻለ ቀኑን ይጻፍላችሁ። ካልቻለና ሁለታችሁ ከተስማማችሁ "ምረንሃል" በሉት፤ እንደ ሌባ በሌሊት ከሚወጣ በቀን ተመርቆ ይሂድ። ከአልጋ ቤት አልጋ ቤት እየዞረ የሚያታልለውን ግን ለፖሊስ ማመልከት ኃጢአት አይደለም። ዝም ብትሉት የነገው ተታላይ ጎረቤታችሁ ነው።

ውይይቱ ሊያልቅ ሲል እኅታችን ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች። ሳይከፍሉ ያደሩትን ሁሉ በቀን በቀኑ ጽፋለች። ባለቤቴ ገጹን ሲገልጥ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የላከቻቸው እንግዶች ዐሥራ ዘጠኝ ሌሊት ሆነው ተገኙ። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ለምን አልነገርሽንም?" አላት።

"እንዴት ብዬ፣ ፓስተር?" አለችው።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሒሳቡን በሁለት ጊዜ ከፈልን። አሁን እንግዳ ስንልክ ገንዘቡን አስቀድመን እንልካለን። ያ አራት ሌሊት ያደረው ሰውዬ እስካሁን አልተመለሰም።