አንድ መንገደኛ ትቶት ያለፈው አልበም



ቀደም ባሉት ዓመታት በቤቶቻችን እንግዳ ሲመጣ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አልበም ይቀርብለት ነበር። የኒካሑ፣ የዒዱና የልጆች ምረቃ ፎቶግራፍ አንድ በአንድ ይገለጣል። ሆኖም በእነዚያ አልበሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ የማናገኘው ነገር ነበር። ውሃ የቀዳንበት ምንጭ፣ ቁርኣን የቀራንበት የሸይኹ ቤት፣ ዘመድ ልንዘይር ስንሄድ ያቋረጥነው ሜዳ የሉበትም። ዛሬ ካሜራው በየኪሳችን ገብቷል፤ በአንድ ዒድ ብቻ መቶ ፎቶግራፍ እናነሳለን። ግን ስልኩ ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል።

በዚህ ጽሑፋችን ፎቶግራፍ ማንሳት እንጀራው ያልነበረ አንድ መንገደኛ ምን ትቶ እንዳለፈ እንመለከታለን። ሰውየው ሙስሊም አልነበረም። ካሜራው ግን አብዛኛውን ዘመን በሙስሊሞች ምድር ተዘዋውሯል፤ ጉዞውም የጀመረው ከእኛው አገር ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ሩብዑል ኻሊ

ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ ውስጥ ተወለደ። አባቱ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ መንግሥት ተወካይ ነበር። ልጁ እስከ 1919 እዚሁ አድጎ ወደ እንግሊዝ ከሄደ በኋላ፣ በ1933 ተመልሶ የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ ወደ ዐፋር ምድር ወረደ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ የሚቀር ወንዝ ነውና መጨረሻውን በዓይኑ ሊያይ ፈልጎ ነበር። በ1934 የአውሳው ሱልጣን ሙሐመድ ያዮ ፈቅደውለት ግዛታቸውን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ደረሰ። በእጁ የነበረችው የአባቱ አሮጌ የኮዳክ ሳጥን ካሜራ ነበረች። በዚያው ዓመት ላይካ ካሜራ ገዛ።

ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በጉዞ አሳለፈ። ከሁሉ በላይ ስሙን ያስጠራው ግን ከ1946 እስከ 1948 ባለው ጊዜ፣ በዐረቢያ ደቡብ የሚገኘውንና ሩብዑል ኻሊ የሚባለውን ታላቅ የአሸዋ በረሃ ሁለት ጊዜ በግመል ማቋረጡ ነው። የበረሃው ስፋት ወደ 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ካሜራውን ከአሸዋ ለመጠበቅ በፍየል ቆዳ ከረጢት ይይዘው ነበር። አብረውት ከተጓዙት በደዊዎች መካከል ሳሊም ቢን ከቢናና ሳሊም ቢን ጉበይሻ የተባሉት ወጣቶች ፊት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው እርሱ ባነሳቸው ፎቶግራፎች ነው።

ካሜራው ያላነሳው ሥዕል

በመጀመሪያው ጉዞ ወቅት የሆነውን አንድ ነገር በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ተርኮታል። ስንቃቸው ተመናምኖ ረሃብ በጸናባቸው ሰዓት አንዲት ጥንቸል አግኝተው አረዱ። ሥጋው በስሎ ሊቀርብ ሲል ከወዲያ ማዶ እንግዶች ብቅ አሉ። ባልደረቦቹ ሳያመነቱ ዳቦውንም ሥጋውንም በእንግዶቹ ፊት አኖሩ፤ አላህ ያመጣችሁ እንግዶቻችን ናችሁ እያሉም እንዲበሉ ለመኗቸው። ቴሲጀርም አብሯቸው እየለመነ በልቡ ግን እጅግ ተናዶ እንደነበር ሳይደብቅ ጽፏል።

ውድ አንባብያን፣ የእንግዳ ክብር በሃይማኖታችን ምን ያህል ቦታ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ከጠገበ ማዕድ ማካፈል ቀላል ነው፤ እነዚያ በደዊዎች ግን የመጨረሻ ጉርሻቸውን ሰጡ። አብሯቸው የሚጓዘው ሰው ክርስቲያን መሆኑን እያወቁም እንደ አማና ጠብቀውታል። የእነዚያን ወጣቶች ቀጭን ፊት በፎቶግራፉ ላይ ስናይ፣ ቅጥነቱ ከየት እንደመጣ የሚነግረን ይህ ታሪክ ነው። ታሪኩ ባይጻፍ ኖሮ ፎቶግራፉ መልክ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

የጠፋው ምድር ምስክር

ከ1951 እስከ 1958 ባሉት ዓመታት ደግሞ ቴሲጀር አብዛኛውን ጊዜ በደቡብ ኢራቅ ረግረግ ከሚኖሩ ሙስሊሞች ጋር አሳለፈ። ውሃ ላይ የቆሙ የሸምበቆ ቤቶችን፣ በቀጫጭን ጀልባዎች የሚጓዙ ሰዎችን፣ ሸምበቆ መሐል የሚዋኙ ጎሾችን አነሳ። በዚያን ጊዜ ይህ ተራ ኑሮ ነበር። ከ1991 የሕዝብ አመፅ በኋላ ግን የኢራቅ መንግሥት ረግረጉን በግድብና በቦይ አደረቀው፤ ነዋሪውም ተበተነ። እ.ኤ.አ. በ2003 መንግሥቱ ሲወድቅ ሕዝቡ ግድቦቹን ሰብሮ ከውሃው ከፊሉን መለሰ፤ በ2016 ቦታው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ያ ውሃ ከመድረቁ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ከሚመሰክሩት መካከል የዚያ መንገደኛ ፎቶግራፎች ይገኙበታል።

ሰውየው በ2003 ሲሞት ወደ 38,000 የሚጠጉ ኔጌቲቮችና 71 አልበሞች ትቶ አለፈ። አሁን በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። በዐል ዐይን ከተማም በአል ጃሂሊ ምሽግ ውስጥ ፎቶግራፎቹ ለሕዝብ ቀርበዋል፤ የዛሬዎቹ የኤምሬትስ ልጆች አያቶቻቸው ከነዳጅ ዘይቱ ዘመን በፊት እንዴት ይኖሩ እንደነበር ከእነርሱ ይማራሉ።

እዚህ ላይ ግን ከሰውየው ጋር የማንስማማበት ነገር አለ። መኪናና ነዳጅ ዘይት የበደዊውን ኑሮ መለወጡ እጅግ አሳዝኖት ነበር። እርሱ ግን በረሃውን መርጦ የመጣ ሰው ነው፤ ቢታመም ወደ አገሩ መመለስ ይችላል። ጥማቱንና የሕፃናቱን ሞት ሳይመርጡ የኖሩት እናቶች ሐኪም ቤትና ንጹሕ ውሃ በማግኘታቸው ማንም ሊያዝን አይገባውም። ፎቶግራፍ የሚጠቅመው ያለፈውን እንድናውቀው እንጂ ችግሩ እንዲመለስ እንድንመኝ አይደለም።

ለእኛስ?

ፎቶግራፍን በተመለከተ ዑለማኦች የተለያየ አቋም እንዳላቸው ይታወቃል። ካሜራ ያለውን ነገር ይይዛል እንጂ አዲስ አይቀርጽም በማለት የፈቀዱ አሉ፤ ሕይወት ያለውን ፍጡር ያለ አስፈላጊ ምክንያት ማንሳትን የከለከሉም አሉ። ተራራን፣ ወንዝንና ዛፍን በሚመለከት ግን ብዙኃኑ ፈቅደዋል። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚሻ ወጣትም ሰፊ ሜዳ አለው። ቁርኣንም በምድር ላይ ተጉዘን የአላህን የፍጥረት ሥራ እንድናስተውል በሱረቱል ዐንከቡት፣ አንቀጽ 20 ያዘናል።

አገራችንን እንመልከት። የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት አይተናል፤ ከዓመታት በኋላ ውሃው መመለስ ጀመረ። በትግራይ የሚገኘው የነጃሺ መስጊድ በ2020 መጨረሻ በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበታል። የፈረሰን ለማደስ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ቀድሞ እንዴት ነበር ብሎ ነው። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን መልስ የሚሆን ፎቶግራፍ አለን? ሶፍ ዑመር ዋሻ የሄደ፣ ድሬ ሸይኽ ሑሴንን የዘየረ፣ የሐረርን ጀጎል የዞረ ወጣት ምን ይዞ ተመለሰ? የራሱን ፊት ብቻ ከሆነ ከቦታው ያመጣው ጥቂት ነው።

ሦስት ነገሮችን እናስታውስ። አንደኛ፣ ካሜራም እንደ በር ነውና ሳናስፈቅድ በሰው ኑሮ ውስጥ አንግባበት፤ በተለይ የእህቶቻችንንና የችግረኞችን ክብር እንጠብቅ። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና የሰውየውን ስም እንጻፍ፤ ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከሃያ ዓመት በኋላ ባለቤት የለውም። ሦስተኛ፣ ጥቂቶቹን መርጠን በወረቀት እናሳትም፤ በአልበምም እናኑር።

በመጪው የትምህርት ቤት ዕረፍት ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ አያቶቻቸው አገር ሲወስዱ፣ ምንጩንና የጥንቱን መስጊድ እንዲያነሱ፣ የአያትንም ትረካ ከሥሩ እንዲጽፉ ቢያደርጉ መልካም ጅምር ነው። አያት በሕይወት ሳሉ የተጠየቀ ጥያቄ መልስ ያገኛል። አላህ (ሱ.ወ.) ያየነውን የምናስተውል፣ የተሰጠንን አማና የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።