ስለ አራዳ አደባባይና ስለ ስሙ

ከአሶሳ ተነሥተን፣ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ተጉዘን፣ ቤተ ሰባችንን ከተማ ለማሳየት አዲስ አበባ በገባን ጊዜ የወንድማችን ልጅ «አጎቴ፣ ይህ ስፍራ ስለ ምን ፒያሳ ተባለ?» ብላ ጠየቀችን። ለጊዜው በአጭሩ መለስንላት። ነገሩ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ፣ የአንባቢዎቻችንም ልጆች ይህንኑ መጠየቃቸው ስለማይቀር፣ ጥቂት እንጽፋለን።

ፒያሳ በኢጣልያ ቋንቋ አደባባይ ማለት ነው። በዚያ አገር በቆዩት ከተሞች ቤተ ክርስቲያኑ፣ የሹማምንቱ ቤትና ገበያው ብዙ ጊዜ በሜዳ ዙሪያ ይሠራሉ፤ በሲዬና ከተማ ያለው አደባባይ እንደ ዛጎል ተዘርግቶ ወደ ሹማምንቱ ቤት ስለሚያዘቀዝቅ በዓለም የታወቀ ነው። አራዳ ግን ይህን ከኢጣልያኖች አልተማረም። እነርሱ በ1928 ዓ.ም. ከመግባታቸው አስቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና ትልቁ ገበያ ጎን ለጎን ሆነው ሕዝቡ ለመገበያየትም ወሬ ለመስማትም ይሰበሰብበት ነበር።

ከዐድዋ ድል በኋላ የተሠራው ባለ ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ሕንፃ መሐንዲሱ ሴባስቲያኖ ካስታኛ፣ ራሱ ኢጣልያዊ ነበረ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። በኋለኛው ዘውድ ዋዜማ ዳግማዊ ምኒልክን በፈረስ ላይ የሚያሳየው ሐውልት ተመረቀ። በዙሪያውም የአርመን፣ የግሪክና የህንድ ነጋዴዎች ቤቶች ነበሩ፤ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ የእንጨት ሰገነት ሆነው ለዓይን እጅግ ያማሩ።

ወራሪዎቹ ሐውልቱን አውርደው ቀበሩት፤ በ1929 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠሉት፤ አገሬውንም ከነጮች ለመለየት ሲሉ ገበያውን ወደ ምዕራብ አፈለሱት። ያ ገበያ በእነርሱው ቋንቋ መርካቶ ተባለ። ገበያውን ነቅለው አደባባይ የሚለውን ስም ብቻ መትከላቸው ያስቃል። ከድል በኋላ ሐውልቱ ወደ ስፍራው ተመለሰ፤ ገበያው ግን በሄደበት ቀረ፤ ስሙም አልተነቀለም።

በ2016 ዓ.ም. የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ፒያሳ በሚባለው በዚሁ ሰፈር ተመረቀ። በዚያው ዓመት ለመንገድና ለከተማ ልማት ሲባል ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። መንገድ መስፋቱን አንነቅፍም፤ ነገር ግን በልጅነታችን ዝናብ የተጠለልንበትን ሰገነት ለወንድማችን ልጅ ልናሳያት ፈልገን አጣነው፤ በእጃችን እያመለከትን በቃል ብቻ ነገርናት።

ለእኛ ለአሶሳ ሰዎች በዚህ ከተማ ሌላም ስም አለ። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒ ሻንጉል ከዘመቱ በኋላ ለዳግማዊ ምኒልክ ወርቅ ይገብሩ የነበሩት የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን በጉለሌ በኩል ቤት ነበራቸው፤ ሰፈሩም በስማቸው ተጠርቶ በሕዝብ አፍ ሸጎሌ ሆነ። ልጅቱ ይህን በሰማች ጊዜ ፒያሳን ፈጽማ ረሳችው። «እንግዲያስ ወደ ሸጎሌ እንሂድ» አለች፤ እኛም ታክሲ ይዘን ሄድን።