ግሉኮስ ሲበዛስ? የጽኑ ሕሙማን ሕክምና፣ የፈሳሽ ልክና አልትራሳውንድ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ በስብሰባዎቻችን ላይ ደጋግሞ የሚነሣ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ከገባ ወዲህ፣ በውጭ የምንኖር ወገኖች ለአገር ቤት ሆስፒታሎች ምን እንላክ ብለን በተወያየን ቁጥር፣ እኔ በተገኘሁባቸው ስብሰባዎች ቬንቲሌተርና ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ይቀመጣሉ። ሐሳቡ የተቀደሰ ነው። ነገር ግን ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ሲገናኙ ምን እንደሚሠሩና ምን እንደማይሠሩ ካልተረዳን፣ የምንልከው ዕቃ እንጂ ሕክምና አይሆንም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ሐኪም እንደ መሆኔ የማውቀውን ላካፍል።

በአገራችን ሰው ሲደክም "ግሉኮስ ይሰካለት" ይባላል። በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ቢጠቅም እንጂ የማይጎዳ ነገር ተደርጎ ይታያል። ዳሩ ግን ማርም ሲበዛ ይመራል። ትርፍ ፈሳሽ ከደም ሥር ሾልኮ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በቬንቲሌተር የሚተነፍስ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሳንባው ቀድሞውኑ የታመመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ፣ ሳንባቸው በጽኑ የተጎዳ 1,000 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ፈሳሽ በቁጠባ የተሰጣቸው ሕሙማን ከመሣሪያው ቶሎ ተላቀዋል፤ በሞት መጠን ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ በጽኑ የታመሙ ሕፃናት የተሳተፉበት፣ በ2011 የታተመ ጥናት፣ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ሕፃናት ከመቶ ከ10 በላይ፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ ከመቶ 7 ያህሉ በ48 ሰዓት ውስጥ መሞታቸውን አሳየ። በዛምቢያ፣ ሉሳካ፣ በኢንፌክሽን ምክንያት የደም ግፊታቸው በወረደ አዋቂዎች ላይ ተካሂዶ በ2017 በታተመው ጥናትም፣ ፈሳሽና የግፊት ማንሻ መድኃኒት በተፋጠነ ሥርዓት ከተሰጣቸው 48 ከመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 33 ከመቶ ሞተዋል። ከዚህ የምንረዳው ፈሳሽ መድኃኒት መሆኑን ነው፤ መድኃኒት ደግሞ ልክ አለው።

ታዲያ ልኩ በምን ይታወቃል? አልትራሳውንድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከታችኛው የሰውነት ክፍል ደም ሰብስቦ ወደ ልብ የሚያስገባ አንድ ትልቅ ደም መልስ አለ። በተፈጥሮ አተነፋፈስ አየር ስናስገባ ይህ ሥር ይጠባል። ቬንቲሌተር ግን አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ወደ ልብ የሚገባው ደም ለአፍታ ይታገድና ሥሩ ይሰፋል። ሥሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ እጅግ የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ ልብ ተጨማሪ ፈሳሽ ቢያገኝ ብዙ ደም ሊረጭ ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት የፈረንሳይ ቡድኖች ለዚህ ለውጥ የ12 እና የ18 ከመቶ መለያ አወጡ። ቁጥሩ የተለያየው ስሌቱ ስለተለያየ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። በሽተኛው በራሱ ለመተንፈስ የማይታገል፣ የቀኝ ልቡ ያልደከመ፣ የሆዱ ውስጥ ግፊት ያልጨመረ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ትንፋሹ ትልቅ መሆን አለበት፤ በቁመት ለተሰላው ክብደት በኪሎ 8 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ። ከ2000 ወዲህ ግን ለተጎዳ ሳንባ 6 ሚሊ ሊትር ያህል መስጠት ሕይወት እንደሚያድን ታውቋል። ስለዚህ ሳንባን የሚጠብቀው ትንሽ ትንፋሽ የምርመራውን ምልክት ያደበዝዘዋል። በፈረንሳይ በ540 የቬንቲሌተር ሕሙማን ላይ ተካሂዶ በ2017 የታተመው ጥናትም ይህ የደም መልስ መለኪያ ብቻውን ደካማ መሆኑን አሳይቷል። በዚያው ጥናት ልባቸው ለፈሳሽ ምላሽ የሚሰጥ ሆኖ የተገኙት 42 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

የተሻለው ዘዴ ቀላል ነው። በግማሽ ቀና ብሎ የተኛውን በሽተኛ በአልጋው አማካይነት ደረቱን ዝቅ፣ እግሮቹን ከፍ ማድረግ። በእግር ውስጥ ያለ 300 ሚሊ ሊትር ያህል የራሱ ደም ወደ ልቡ ይመለሳል። በዚያችው ደቂቃ ከግራ ልብ የሚወጣው ደም 10 ከመቶና ከዚያ በላይ መጨመሩን በአልትራሳውንድ መለካት ይቻላል። ካልጨመረ እግሩን ማውረድ ነው፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ከውጭ አልገባችም። ቀጥሎ ሳንባውን ማየት፦ ከሳንባ ሽፋን ወደ ታች የሚወርዱ ብሩህ መስመሮች ፈሳሽ ከተሰጠ በኋላ ከበዙ ማቆም ይገባል። መስመሮቹ በሳንባ ምችም ስለሚታዩ ዋናው ነገር ከበፊቱ ጋር ማወዳደር ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ልብ ፈሳሽ መቀበል ይችላል ማለት ፈሳሽ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። የጤነኛ ሰው ልብም ፈሳሽ ቢጨመርለት ምላሽ ይሰጣል፤ ስለዚህ ግን ግሉኮስ አንሰካለትም። መሣሪያው "ይችላል ወይ?" ለሚለው ይመልሳል። "ያስፈልገዋል ወይ?" ለሚለው መልስ የሚሰጠው ሽንቱን፣ የእጅ እግሩን ሙቀት፣ የአእምሮውን ንቃት አጣምሮ የሚያይ ሐኪምና ነርስ ነው።

አንዳንዶች "እኛ መሣሪያውን እንላክ፣ እነሱ ያውቁበታል" ይላሉ። የአገር ቤት ሐኪሞች ዕውቀት አንሷቸው አይደለም። ለአንድ በሽተኛ በቀን ደጋግሞ ለመለካት ግን ጊዜ፣ የነርስ ቁጥርና የማያቋርጥ ልምምድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ ከምንልከው ከእያንዳንዱ አልትራሳውንድ ጋር ሳምንታት ተቀምጦ አብሮ የሚሠራ ባለሙያ እንላክ፤ ከተመለሰም በኋላ ምስሎቹን አብሮ የሚመለከት ይሁን። እግር ለማንሣት የጉምሩክ ቀረጥ አይከፈልም፤ የታየውን ለመረዳት ግን የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል።

ቸር ይግጠመን።